እንዴት ከረማችሁ? አራቱ ወቅቶችና የሰው ትዝታ በሞያሌ ድንበር

በዚህ እትም የታሪክ ገጻችን የሚያነሳው ጉዳይ ንጉሥም ጦርነትም አይደለም፤ ስለ ወቅቶች ነው። "ወቅት ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ዝናብ ይመጣል፣ ዝናብ ይሄዳል፣ በቃ" የሚል አይጠፋም። እኛም በፊት እንደዚያ ነበር የምናስበው። ሐሳባችንን ያስቀየረን ጎዶማ ላይ የደረሰብን ነገር ስለሆነ ከዚያ እንጀምራለን።

የጎዶማው ቦይ

ጎዶማ በኬንያዋ ሞያሌ በኩል ነው ያለው። ገና አዲስ ስደተኞች ሳለን፣ ወደ ካምፕ ሳንዛወር፣ ጥቂት ወራት እዚያ ተጠልለን ነበር። አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ነን። ከወሎ የመጣ አለ፣ ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከሸዋ የመጣ አለ። ሰኔ ሲገባ እንደ አገራችን ልማድ "ክረምት መጣ" ብለን ተነሳን። በላስቲክ መጠለያችን ዙሪያ ቦይ ቆፈርን። ልጆቹን የምናስተምርባትን ዳስ ጣሪያዋን በላስቲክ ሸፈንን። ሐምሌ ገባ፤ ደመናው አለ፣ ብርዱ አለ፣ ዝናብ ግን የለም። ነሐሴ ገባ፤ አሁንም የለም።

ወተት እያመጡ የሚሸጡልን አንዲት የቦረና እናት ነበሩ። ሞያሌ ላይ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። ቦያችንን ባዩ ቁጥር ይስቁ ነበር። "ልጆቼ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ይሄ እኮ አዶሌሳ ነው። ዝናቡማ አለፈ፤ ደግሞ በሐጋያ ይመጣል" አሉን። እኛ ግን ቃሉንም አላወቅነው፣ ልብም አላልነው።

መስቀል አለፈ። በእኛ አገር ደግሞ ከመስቀል ወዲያ ሰማዩ ብራ ነው። ስለዚህ ልጆች እንዳይወድቁበት ብለን ቦዩን ደፈንነው። የዳሱንም ላስቲክ አውርደን ለሌላ ሥራ አዋልነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ወረደ። እስኪነጋ አላቆመም። ዱቄቱ ራሰ፣ ደብተሩ ራሰ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተማሪዎቹ ስምና ዕድሜ የተጻፈበት መዝገብ በዳሱ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ስለነበር ቀለሙ ታጥቦ የማይነበብ ሆነ። ጧት እናታችን ወተቱን ይዘው መጡ። ያን ቀን አልሳቁም። "ይሄ ነው ሐጋያ" ብቻ አሉ።

ጥፋቱ የኛው ነበር። የአንዱን አገር ሰማይ በሌላው አገር ስም ጠራነውና ተሳሳትን። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተምረናል። የወቅት ስም የወር ስም አይደለም፤ ሕዝቡ ከኖረበት መሬትና ካገኘው ዝናብ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ከዚህም በላይ፣ ወረቀት ላልነበረው ሰው ወቅት መዝገብ ነው። ይህን ቀጥለን እናስረዳለን።

ክረምት፣ ከረመ፣ ከርሞ

በመጀመሪያ ከደጋው እንነሳ። "እንዴት ከረማችሁ?" ስንባባል ምን ማለታችን እንደሆነ አስበን እናውቃለን? "ከረመ" የሚለው ግስ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው፤ ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዘመድ ከዘመድ ሳይገናኝ ይቆያል። በመስከረም ሲገናኙ "ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት?" ይባባላሉ። ቀስ በቀስ ቃሉ ለረጅም ጊዜ መለያየት ሁሉ ማገልገል ጀመረ። "ከርሞ" ስንልም የሚመጣውን ዓመት ማለታችን ነው። በግዕዝም ክረምት የሚለው ቃል ዓመትን ለመቁጠር ሲያገለግል ይገኛል። እንግዲህ የደጋው ሰው ዕድሜውን የቆጠረው ባለፉት ክረምቶች ነበር ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ (በግዕዙ ሐጋይ) ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። እንቁጣጣሽም መስቀልም በዚህ አቆጣጠር ገና ክረምት ውስጥ ናቸው። ሌላም አለ። አደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ "ፀደይ" የሚል ሰው ብዙ ነው። የአበባው ወቅት ግን መፀው ነው፤ ዘመነ ጽጌም የሚጀምረው መስከረም 26 ቀን ነው። ፀደይ በሚያዝያና በግንቦት የሚገኘው፣ ገበሬው መሬቱን የሚያርስበት ወቅት ነው። ስህተቱ የመጣው የፈረንጁን የአበባ ወቅት "ፀደይ" ብለን ከተረጎምን በኋላ ይመስለናል። ትርጉሙን ይዘን ተመልሰን የራሳችንን አበባ በዚያው ስም ጠራነው።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ የኢትዮጵያን ዓመት በሦስት ይከፍሉታል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይሉታል። የበልግ ዝናብ ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ደጋዎች የራሱ አዝመራ ያለው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ "ወቅቶች ስንት ናቸው?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም።

ሰው ከየወቅቱ ጋር የሚያያይዘውስ ምንድነው? ክረምት ሲባል ለገበሬው ጭቃና አረም ነው፤ የጎተራው እህል የሚያልቅበት፣ እሸት እስኪደርስ ሆድ የሚጠብቅበት ጊዜም ነው። ለልጆች ቡሄ ነው፤ ጅራፍና ሙልሙል። ለጿሚ ፍልሰታ ነው። ለተማሪ የትምህርት ቤት መዝጊያ ነው። ለመምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ የክረምት ኮርስ ነበር፤ በመካከላችን ዲፕሎማውን በክረምት በክረምት የጨረሰ አለ። መፀው አበባና አዝመራ ነው። በጋ አውድማ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ በጥር የሚደገስ ሠርግ ነው።

ታሪክንም ወቅት ሲመራው እናያለን። እንግሊዞች በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ በ1860 ዓ.ም. በበጋ ተጉዘው፣ በሚያዝያ መቅደላን ይዘው፣ ክረምቱ ሳይጠናባቸው ነው አገር ለቀው የወጡት። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ነው፤ መንገዱ ሲደርቅ ማለት ነው። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን በበጋ ሆነ። ፋሺስት ጣልያንም መረብን የተሻገረው ክረምቱ እንዳበቃ መስከረም 22 ቀን 1928 ሲሆን፣ ሌላ ክረምት ሳይመጣበት አዲስ አበባ ለመድረስ ተጣድፎ ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። ሞያሌም ብትሆን ያው ናት። ጣልያኖች የኬንያውን ሞያሌ የያዙት በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዞች የመለሱት በየካቲት 1933 ነው። ሁለቱም በሞያሌ ደረቅ ወራት የተደረጉ ናቸው። የደጋ ሰው ግን "ሐምሌ ደረቅ ወር ነው" ሲባል ግራ ይገባዋል። ለዚህ ነው ወደ ቦረናዎቹ መሻገር ያለብን።

አንድ ስም፣ ሌላ ወር

ቦረናዎችም ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፤ "ገና" ይሉታል። ("ና" ጠብቆ ይነበባል። በዓሉን ገና የለመደ ልጅ "ገና ዝናብ ነው" ሲባል ቢስቅ አትቆጡት።) ከሰኔ እስከ ነሐሴ አዶሌሳ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ደመናማ፣ ግን ደረቅ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሐጋያ፣ ትንሹ ዝናብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቦና፣ ሞቃቱ ድርቅ ነው።

አሁን ይህን አስተውሉ። በሰሜንና በምዕራብ ያሉት የደጋ ኦሮሞዎችም ያንኑ ቋንቋ ይናገራሉ። ለእነሱ ግን "ገና" ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ክረምት ነው። ከዚያ "ብራ" ይመጣል፤ አማርኛውም ሰማይ ሲጠራ "ብራ ሆነ" ይላል። ከዚያ ቦና፣ ከዚያ በመጋቢት ገደማ የሚጀምረው አርፋሳ ነው። ሐጋያም ለደጋው ኦሮሞ የነሐሴ ወር ስም ነው፤ አዶሌሳም የሐምሌ። ቋንቋው አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ወሩ ግን የተለያየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። "ገና" የተባለው ወር ሳይሆን ትልቁ ዝናብ ነው። ዝናቡ በሌላ ጊዜ በሚመጣበት አገር ስሙ ዝናቡን ተከትሎ ሄደ።

የሱማሌ ተማሪዎቻችንም አራት አሏቸው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ገደማ "ጉ" ትልቁ ዝናብ፣ ከዚያ ነፋሻማውና ደረቁ "ሐጋ"፣ ከጥቅምት ጀምሮ "ደይር" ትንሹ ዝናብ፣ በመጨረሻም "ጂላል" ከባዱ ድርቅ። እንግዲህ ሦስት ድምፃቸው የሚቀራረብ ቃሎች አገኘን። የግዕዙ ሐጋይ በጋ ነው፤ የሱማሌው ሐጋ የሐምሌና የነሐሴ ደረቅ ወቅት ነው፤ የቦረናው ሐጋያ ግን ዝናብ ነው። ከሦስት ቤት የመጡ ሦስት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው "ሐጋይ ምንድነው?" ቢባሉ ሦስት መልስ ይሰጣሉ። ከሦስቱ አንዱም አልተሳሳተም።

የኬንያ ልጆች በኪስዋሂሊ የሚማሩትም አራት ነው። ማሲካ ረጅሙ ዝናብ፣ ኪፑፕዌ ቀዝቃዛው ወቅት፣ ቩሊ አጭሩ ዝናብ፣ ኪያንጋዚ ሙቀቱ ነው። ከቦረናው ጋር ብታስተያዩት ቃሉ ሌላ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ያው ሆኖ ታገኙታላችሁ። በካኩማ ዙሪያ ያሉት ቱርካናዎች ግን ዋና አድርገው የሚጠሩት ሁለት ነው፤ አኪፖሮ ዝናቡ፣ አካሙ ድርቁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩን ለማቅለል ያህል፣ በምድር ወገብ ዙሪያ የሚዞር የዝናብ ቀበቶ አለ። ቀበቶው ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ቀበቶው ሲወጣም ሲመለስም ያገኛታል፤ ስለዚህ ሁለት ዝናብ አላት። በሐምሌና በነሐሴ ቀበቶው ደጋው ላይ ነው፤ ሞያሌ ደረቅ ናት። የእንግሊዝ መጻሕፍት ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር የሚሏቸው ደግሞ በዝናብ ሳይሆን በሙቀትና በብርድ የተለዩ ናቸው። መሬት በዘንጓ ዘንበል ብላ ስለምትዞር ከምድር ወገብ ርቆ ያለ አገር በዓመት ውስጥ ብዙ ይሞቃል፣ ብዙ ይበርዳል። በእኛ አካባቢ ግን ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። "ክረምት በእንግሊዝኛ ሰመር ነው ወይስ ዊንተር?" የሚለው የቆየ ክርክር መልስ ያጣው ለዚህ ነው። ወሩን ካየህ ሰመር ነው፤ ብርዱን ካየህ ዊንተር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አይደለም።

ወቅትና ድንበር

ለቦረናዎች ወቅት ማለት ጉዞ ነው። ገና ሲዘንብ ሣሩ ይለመልማል፣ ላሞች ይወልዳሉ፣ ወተት ይትረፈረፋል፤ ድግሱና ሥርዓቱም በዚያን ጊዜ ይበዛል። ቦና ሲመጣ ኩሬው ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ዱብሉቅን ያየ ሰው ያውቀዋል። ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚያስጠብቀው ሰው "አባ ሄሬጋ" ይባላል። ከብቶች በቦና የሚጠጡት በሦስት ቀን አንዴ ያህል ነው። የሚታለቡት ላሞች በመንደር ይቀራሉ፤ ሌላው መንጋ "ፎራ" ተብሎ ከወጣቶች ጋር ሩቅ ይሄዳል።

በዚህ ጉዞ መካከል ነው ድንበር የመጣው። ኢትዮጵያና እንግሊዝ በታኅሣሥ 1907 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ድንበሩን ተዋዋሉ። መሥመሩ የቦረናን መሬት ለሁለት ከፈለው። የተዋዋሉት ሰዎች ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሣዎች እንደ ጥንቱ በሌላው በኩል ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በአቅራቢያቸውም ወዳለው የውኃ ጉድጓድ በነፃ እንዲደርሱ በውሉ ውስጥ ተጻፈ። ልብ በሉ፤ ዝናብ ፓስፖርት እንደማይጠይቅ ሁለት መንግሥታት በወረቀት አምነዋል። በኋላ አፈጻጸሙ ብዙ ጊዜ ሌላ ሆነ፤ ቁጥጥር መጣ፣ ፀጥታ ደፈረሰ። ነገር ግን ለእኛ ለስደተኞች ይህ ታሪክ የሚያስተምረው አለ። በሞያሌ ድንበር መሻገር በስደተኛ አልተጀመረም። ሰው በዚያ በኩል በወቅቱ ሲሻገር፣ በወቅቱ ሲመለስ ኖሯል።

ወረቀት የሌለው ሰው መዝገብ

አሁን ወደ ራሰው መዝገባችን እንመለስ። መዝገቡን እንደገና መጻፍ ነበረብን፤ ያለ ዕድሜ ልጆቹን በክፍል መመደብ አይቻልም። አንዳንዶቹ ወላጆች ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ላይ ግን የብዙዎቹ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። ካምፕ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀኑን በትክክል መናገር ያልቻለ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል።

እኛ ግን አዲስ ጥያቄ ጠየቅን። "መቼ ተወለደ?" ሳይሆን "ሲወለድ ዝናብ ነበር ወይ? እህሉ የት ደርሶ ነበር? ከብቱ የት ነበር?" አልን። ያን ጊዜ እናቶች መናገር ጀመሩ።

አንዲት የደጋ እናት "ዘመነ ዮሐንስ ነበር፣ ቡሄ ሊደርስ ሲል፤ የባድመ ጦርነት ቆመ በተባለበት ክረምት" አለች። እንቁጠረው። የወንጌላውያኑ ዘመን በአራት ዓመት ይዞራል፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት ስናካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። የባድመው ጦርነት ማቆሚያ ስምምነት የተፈረመው በሰኔ 1992 ነው። 5500 ሲደመር 1992፣ 7492 ይሆናል፤ ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ስለዚህ ልጁ የተወለደው በነሐሴ 1992 መጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 2000። ወረቀቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ይል ነበር። ከሰባት ወር በላይ ልዩነት አለው። ሰባት ወር ልጅን ከክፍል ክፍል ያዛውራል፤ ሲያድግም አሥራ ስምንት ሞላው ወይስ አልሞላው የሚለውን ይወስናል።

አንዲት የቦረና እናት ደግሞ "በጎርፉ ሐጋያ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የጎርፉ ሐጋያ ግን ይታወቃል። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤልኒኞ ኬንያን፣ ሱማሌንና ደቡብ ኢትዮጵያን ያጥለቀለቀበት ነው። ልጅቷ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 1997 ባለው ጊዜ ተወልዳለች ማለት ነው። ሱማሌዎችም "ስንት ጉ አለፈው?" ብለው ዕድሜ ይቆጥራሉ። ገብራዎች ለዓመታቱ የሳምንቱን ቀናት ስም ይሰጣሉ፤ ሰባቱ ሲሞሉ እንደገና ይጀምራል። የቦረና አያንቱዎች ደግሞ ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ ወሩንና ቀኑን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ለቀናት 27 ስሞች አሏቸው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገዳ ጥናት ይህን ለዓለም አሳውቋል። ገዳ ራሱ በስምንት ስምንት ዓመት የሚቆጠር ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል።

ክፉውም ዘመን የሚታወሰው እንዲሁ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታው መንጋውን ፈጅቶ ረሃብ ሲከተል፣ ደጋው "ክፉ ቀን" ሲለው ቦረናው "ቲቴ ጉራቻ" ብሎታል፤ ጥቁር ዝንብ ማለት ነው። በሬሳው ላይ የሰፈረውን ዝንብ ያየ ሰው ያወጣው ስም ነው።

በቅርቡም ያየነው አለ። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ወታደሮች በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከእነሱ መካከል "ገና ሊገባ ሲል ወጣን" የሚል ሰው ብታገኙ፣ ቀን አያውቅም አትበሉት። ገና በመጋቢት ነው የሚገባው፤ የዚያ ዓመቱም ዝናብ በኬንያ እጅግ ከባድ ነበር። ሰውየው ከሳምንታት ያልበለጠ ስህተት ያለበት የታሪክ ምስክርነት ነው የሰጣችሁ።

ወቅቱ ሲከዳ

አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ድረስ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ሐጋያ፣ ገና፣ ሐጋያ፣ ገና፣ ሐጋያ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። ከብቱ አለቀ፤ አርብቶ አደር የነበረ ሰው በእርዳታ ጣቢያ ተሰለፈ። ከዚያ በ2023 መጨረሻ ዝናቡ በጎርፍ መጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያደገ ልጅ "ገና" የሚለውን ቃል ቢሰማም ቃሉ የያዘውን ወተት አላየም። በካምፕ የተወለደ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የራሽን ቀን ያውቃል፣ በጃንዋሪ የሚጀምረውን የኬንያ የትምህርት ዓመት ያውቃል፤ ክረምትን ግን ከእናቱ አፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። እናትየዋ ካልነገረችው፣ እኛም ካልጠየቅን፣ ቃሉ በእኛ ትውልድ ያልቃል። ቃሉ ካለቀ ደግሞ በቃሉ የተቀመጠው ዘመን ሁሉ አብሮ ያልቃል።

ለመምህራን

ስለዚህ ፈተና ላይ "አራቱን ወቅቶች ጥቀስ" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት "የየትኛው አገር?" የሚለውን ጨምሩበት። ለኬንያ ፈተና የሚጠየቀውን መልስ ተማሪው ይወቅ፤ እሱ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከደጋ የመጣው ልጅ "ክረምት"፣ የቦረናው ልጅ "ገና"፣ የሱማሌው ልጅ "ጉ" ብሎ ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ አታንሱበት። "መቼ ነው? ምን ይሆንበታል?" ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ሙሉ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ለተማሪዎች

ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን እነዚህን ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ። ደብተሩንም ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

1. እኔ ስወለድ ምን ወቅት ነበር? እህሉ ወይም ከብቱ ምን ላይ ነበር?
2. በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ምን ነገር ሆነ?
3. ከአገር ስንወጣ ዝናብ ነበር ወይስ ድርቅ?
4. በቋንቋችን ወቅቶች ስንት ናቸው? እያንዳንዱ ሲመጣ በምን ይታወቃል?

መልሶቻችሁን ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። በጎዶማ የራሰው መዝገብ በመጨረሻ እንደገና ተጽፏል። ከበፊቱ የበለጠ ትክክል ሆኖ የተጻፈው ከየወላጁ አፍ ስለተለቀመ ነው። ወተት ሻጯ እናታችንም በሰኔ የቆፈርነውን ቦይ በጥቅምት ማስቆፈራቸው አልቀረም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ የከርሞ ሰው ይበለን።